ጸሐፊያችንን ላሰናብታት አስቤ ነበር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የማተሚያና የጽሕፈት ቤት አለኝ። አባቴ የከፈተው ነው። አሁን ከኔ ጋር ሰባት ነን። ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ሲቪ እናዘጋጃለን፣ የሠርግ ካርድና ባነር እንሠራለን። ደንበኞቻችን ከከተማው ሌላ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅና ከኩታበር ይመጣሉ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትን (ኤአይ) ለሥራ መጠቀም የጀመርነው በጥቅምት 2017 ነው። "ጀመርን" ማለት ግን ይከብደኛል። የጀመርኩት እኔ ነኝ፣ ያውም ተደብቄ። ይህን የምጽፈው እንደኔ ጥቂት ሠራተኛ ይዘው ቤት ለሚያስተዳድሩ ሰዎች ነው። እኔ የሄድኩበትን መንገድ ካወቁ ቢያንስ መጀመሪያው ላይ የሠራሁትን ስህተት አይደግሙትም።

በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ቆይቶ ነበር። ከተመለሰ በኋላ አንድ የኮምቦልቻ ደንበኛችን ቻትጂፒቲን በስልኩ አሳየኝ። ዓለም ከኅዳር 2015 ጀምሮ ሲያወራበት የቆየ ነገር ነው። እኔ ግን ሲሠራ ያየሁት ያን ቀን ነው። የእንግሊዝኛ የሥራ ማመልከቻ እንዲጽፍ አዘዝነው። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ቤት ያ ሥራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቁጭ ብዬ ሒሳብ ሠራሁ። በ2014ቱ ጦርነት ሱቃችን ተዘርፎ ኮምፒውተሩም ፕሪንተሩም ሄዷል። እንደገና የቆምነው በብድር ነው። ወረቀትና ቶነር ዋጋቸው ይጨምራል፣ ኪራዩም እንደዚያው። አንድ ደመወዝ ቢቀንስልኝ ብዬ አሰብኩ። የማን ደመወዝ እንደሆነም አውቅ ነበር።

ጸሐፊያችንን የቀጠራት አባቴ ነው። ያኔ ሥራው በታይፕ ነበር፣ እኔም ተማሪ ነበርኩ። እታለም እላታለሁ፣ እሷም እስከ ዛሬ "አንተ ልጅ" ትለኛለች። ከታይፕ ወደ ኮምፒውተር ስንሻገር ሥራውን የተዉ ብዙ ነበሩ። እሷ ግን ማታ ማታ እየቆየች ተለማምዳ የግዕዙን ኪቦርድ በሁለት ሳምንት ያዘችው። አሁን 57 ዓመቷ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ማታ ቤቴ ሆኜ የደንበኛ ደብዳቤ በስልኬ አሠራለሁ፣ ጠዋት አትሜ አስረክባለሁ። ወር ከአሥራ አምስት ቀን ያህል እንዲህ ሄድኩ። እሷ ጠረጴዛ ላይ የሚደርሰው ሥራ ቀነሰ። አይታለች፣ ግን አልጠየቀችም። አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ፊቷ ቆሞ "ትናንት ጋሼ በስልኩ በአምስት ደቂቃ ነው የጨረሰልኝ፣ ዛሬም እንደዚያ ይሁንልኝ" አላት።

ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ወደኔ መጣች። "እኔ መቼ ነው የምወጣው?" አለችኝ። አልተቆጣችም። ቀኑን ማወቅ ነው የፈለገችው። ልጇ ዩኒቨርሲቲ ናት፣ የቤት ኪራይ አለባት፣ መዘጋጀት ነበረባት። እኔ ግን "ማን አለሽ እንዲህ?" ብዬ ሸሸሁ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ሌሎቹም ሰምተው ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ ጸጥ አለ። ዲዛይነራችን እኔ ስጠጋ ስክሪኑን መዝጋት ጀመረ። ለካ እሱም በኤአይ ይሠራ ነበር። ሥራውን ማሽን እንደሠራለት ካወቅሁ ክፍያውን እቀንስበታለሁ ብሎ ፈርቷል። እኔ ከነሱ እደበቃለሁ፣ እነሱ ከኔ ይደበቃሉ። እንደዚህ ባለ ቤት ውስጥ ስህተት ሲፈጠር ማንም አይናገርም።

ልቤን የመለሰው አንድ አቤቱታ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሰው የስንብት ክፍያ ጥያቄ ሊያጽፍ መጣ። እንደለመድኩት በማሽኑ አሠራሁት። አማርኛው ያማረ ነበር። የአዋጅ ቁጥርና አንቀጽም ጠቅሷል። ላትመው ስል እታለም ከኋላዬ ቆማ አየችውና "ይሄ አዋጅ እኮ ተሽሯል" አለች።

ማሽኑ የጠቀሰው አዋጅ ቁጥር 377/96ን ነበር። እሱ ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተተካ ቆይቷል። የጠቀሰውን አንቀጽ ፈልገን ስናነበው ስለ ስንብት ክፍያ የሚያወራ ሆኖ አላገኘነውም። እታለም ሕግ አልተማረችም። ግን የስንት ዓመት የሠራተኛ አቤቱታ በጣቷ አልፏል። አዲሱ አዋጅ ሲወጣ ቁጥሩን ከደንበኞች ቀድማ የለመደችው እሷ ናት። ያ ሰው ያንን ወረቀት ይዞ ቢሄድ የሚያፍረው እሱ ነው፣ የሚጎዳውም እሱ ነው። ያዳነው ደግሞ እኔ ላሰናብታት ሒሳብ የሠራሁባት ሴት ናት።

ማሽኑ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ በኋላ ገባኝ። እነዚህ ማሽኖች ከፍተኛ መጠን ያለው ጽሑፍ ተመግበው፣ ከዚህ ቃል ቀጥሎ የትኛው ቃል ሊመጣ ይችላል የሚለውን እየገመቱ ነው የሚጽፉት። የሕግ መጽሐፍ ከፍተው አያመሳክሩም፣ ካልታዘዙና መፈለጊያ ካልተሰጣቸው በስተቀር። በኢንተርኔት ላይ ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ በአማርኛ፣ ያውም ስለ አገራችን ሕግና አሠራር ሲጠየቁ ክፍተቱን በግምት ይሞሉታል። ሲገምቱም ሲያውቁም ድምፃቸው አንድ ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የሚያመነታ ሰው ከፊቱ ይታወቃል። ማሽኑ አያመነታም።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ዘጋሁና ቡና ተፈላ። ሁሉንም አስቀምጬ እውነቱን ነገርኳቸው። ምን እንዳሰብኩ፣ የማንን ደመወዝ እንዳሰላሁ፣ ለምን እንደደበቅሁ። እታለም ፊት ይህን መናገር ከባድ ነበር። ከዚያ የገቢ ደብተሩን አወጣሁ። ከጽሕፈት የምናገኘው ገንዘብ ምን ያህል እንደወረደ በዓይናቸው አዩት። ሰው ማመልከቻውን ራሱ በስልኩ ማሠራት ጀምሯል። እኔ ባልደብቅም ይህ ሥራ እየቀነሰ ነበር።

በዚህ ማሽን ምክንያት ለአንድ ዓመት ማንም ከሥራ አይወጣም አልኳቸው። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ደብተሩን እንደገና አብረን እናያለን። ዕድሜ ልክ አልኩ ብል ውሸት ይሆናል፣ እነሱም አያምኑኝም ነበር። የቻልኩትን ነው ቃል የገባሁት። በአቦሉ ዝም ያለው ዲዛይነር ቶናው ሲቀዳ ሁሉንም ተናገረ። ከኔ ይልቅ ብዙ ያውቃል። በሐምሌ 2016 በተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ገብቶ የኤአይ ኮርሱን ጨርሷል። እኔ የማላውቀው ሙያ ቤቴ ውስጥ ተደብቆ ነበር። እታለም በረካውን ጠጥታ ስትነሳ "አብሽር፣ እንማረዋለን" አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም።

ያን ቀን አንድ ሕግ አወጣን። ማሽኑ የነካው ወረቀት ሁሉ ከመውጣቱ በፊት አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበዋል፣ ለኛ በሚቀረው ቅጂ ላይም ይፈርማል። ስህተት ከተገኘ ተጠያቂው የፈረመው ነው። "ኤአይ ነው የተሳሳተው" የሚባል መልስ የለም።

ሕጉን መጀመሪያ የጣስኩት እኔ ነኝ። አንድ የኮምቦልቻ ድርጅት የፈረቃ ማስታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘዘን፣ 40 ቅጂ፣ ላሚኔት የተደረገ። ቸኩዬ ነበር። አማርኛው "የመጀመሪያው ፈረቃ ከ1 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት" ይላል። ማሽኑ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ወደ እንግሊዝኛ አዞረው። በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት የነበረው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሌሊቱ አንድ ሰዓት ሆነ። ያ ማለት በኛ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። አማርኛ የማያነቡት የውጭ ባለሙያዎች ማስታወቂያውን አይተው ግራ ተጋቡ። ተደወለልኝ። አርባውንም በራሴ ወጪ እንደገና አሳተምኩና በማግስቱ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ራሴ አደረስኩ። ይቅርታም በአካል ጠየቅሁ። ደሴ ተመልሼ ደግሞ ሕጉን የጣስኩት እኔ እንደሆንኩ ለሁሉም ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ሕጉ ሕግ የሆነው። አለቃው የማይገዛለትን ደንብ ሠራተኛው አይገዛለትም።

የዘመን አቆጣጠሩ ከሰዓቱም ይብሳል፣ ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም። በ1990 የተወለደች ልጅ ሲቪዋ በእንግሊዝኛ ሲወጣ 1990 ላይ ይቀራል። ቢያንስ ሰባት ዓመት አስረጃት ማለት ነው። በ2013 የተመረቀው ልጅ በፈረንጆቹ 2013 እንደተመረቀ ይጻፍለታል። ቀጣሪው ደግሞ "ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበርክ?" ይለዋል። የፋብሪካ ሥራ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው እኛ ጋ ሲቪ የሚያሠሩት፣ ብዙዎቹም ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያመለክቱ። ፓርኩ በ2009 መጨረሻ ሲመረቅ ብዙ ሥራ ይዞ መጥቶ ነበር። ከዚያ ጦርነቱ አለ፣ አሜሪካም ከጥር 2022 በፈረንጆች ጀምሮ አገራችንን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ለመሸጥ ከሚያስችለው ከአጎዋ አስወጥታለች። ሥራ እንዲህ በጠበበበት ጊዜ አንድ የተሳሳተ ዓመት ለአንድ ልጅ ብዙ ነገር ነው። እኛ አሁን ቀኑን ለማሽን አንሰጥም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መግቢያ 7 ዓመት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት እንጨምራለን። ዓመተ ምሕረቱ የማን እንደሆነም ከጎኑ እንጽፋለን።

ሥዕል የሚሠሩት ማሽኖች ደግሞ ሌላ ናቸው። ዲዛይነሩ የሠርግ ካርድ አንድ ጊዜ ከነጽሑፉ አሠራበት። ካርዱ ያምራል። ፊደሉ ግን ፊደል የሚመስል እንጂ ፊደል አልነበረም። ከሩቅ "ሠ" ይመስላል፣ ስትጠጋ ምንም አይደለም። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢያየው አማርኛ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጀርባውንና አበባውን ከማሽኑ እንወስዳለን፣ ጽሑፉን በራሳችን ፎንት እንጽፋለን።

ቃሉንም ቢሆን ሰው ማየት አለበት። እኛ ወሎ ውስጥ ነን። ጠዋት የኒካህ ካርድ፣ ከሰዓት የተክሊል ካርድ እናትማለን። አንዳንዴ የሁለቱም ዘመዶች የሚጠሩበት አንድ ካርድ አለ። የትኛው ቃል ለማን እንደሚስማማ እዚህ ያደገ ሰው ያውቃል። ማሽኑ አንድ ጊዜ የመንደሩን ሽማግሌ "እንድትገኝልን" ብሎ ጠራቸው። "እንዲገኙልን" መሆን ነበረበት። ያ ካርድ ቢወጣ ቤተሰቡ ተቀያይሞ ሊቀር ይችል ነበር።

በእታለም ሥራ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር የመጣው ከድሮ ፋይሎቻችን ነው። የሃያ ዓመት የደንበኛ ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ነበረን። የተረፈው ዘመድ ቤት የተቀመጠው ቅጂ ነው። ዲዛይነሩ እነዚህን ለማሽኑ ሰጥተን የራሳችንን የደብዳቤ ናሙና እናውጣ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ማሽኑ ሊያነባቸው አልቻለም። በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ የድሮ ፎንቶች የተጻፉ ስለሆኑ ሌላ ቦታ ስትለጥፋቸው የላቲን ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ሆነው ነው የሚወጡት። ዓለም ሁሉ በሚጠቀምበት የጋራ የፊደል ኮድ፣ በዩኒኮድ ካልተጻፈ ለማሽኑ አማርኛ አይደለም። የኛ ፊደል በዩኒኮድ የገባው በ1999 በፈረንጆች ቢሆንም ብዙ ማተሚያ ቤት በድሮው ፎንት ለረጅም ጊዜ ቀጥሏል። የመቀየሪያ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ፊደል ያሳስታሉ። የትኛው ፋይል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ሦስት ወር ፈጀባት። ዛሬ ከ200 በላይ የታረሙ ናሙናዎች አሉን። የውክልና፣ የኪራይ ውል፣ የዕድር ደንብ፣ የድጋፍ ደብዳቤ። ማሽኑን "በዚህ ናሙና መሠረት ጻፍ" ስንለው ስህተቱ በጣም ይቀንሳል። ማተሚያ ወይም ጽሕፈት ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ የድሮ ፋይላችሁን አትጣሉ። የሚያውቀው ሰው ከመሄዱ በፊት አስቀይሩት።

እታለም አሁን አራሚ ናት። ሰዎች በስልካቸው ያሠሩትን ጽሑፍ ይዘው ይመጣሉ፣ "ብቻ ፕሪንት አድርጉልኝ" ይላሉ። እሷ አንድ ጊዜ ታየውና የተሳሳተውን ታሳያቸዋለች። አብዛኛው ሰው ከፍሎ ያሳርማል። ይህ ገቢ ከሁለት ዓመት በፊት አልነበረም። የጠፋውን የጽሕፈት ገቢ ሙሉ በሙሉ አልተካውም፣ ግን ደመወዟን ይሸፍናል፣ ትንሽ ጭማሪም አድርጌላታለሁ። ደንበኛ "በማሽን ነው የሠራችሁት፣ ዋጋ ቀንሱ" ሲለን አንከራከርም። ማሽን ረቂቁን እንደሠራ እንነግረዋለን፣ የምናስከፍለው ለማን እንደሆነም እናሳየዋለን። ፊርማው እዚያ አለ።

ስለ ምስጢር አጥብቄ መናገር የምፈልገው ነገር አለ። ሰው እኛን አምኖ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የሐኪም ማስረጃ፣ የቤት ካርታ፣ መታወቂያ ይሰጠናል። እኔ በነዚያ ወራት የሰው ስምና ስልክ ያለበትን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እልክ ነበር። አሁን ሳስበው ይሰማኛል። የላክኸው ነገር አገር ውጭ ያለ ኮምፒውተር ላይ ነው የሚደርሰው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ የሕግም ነው። ዛሬ ስሙን፣ ቁጥሩንና አድራሻውን አውጥተን በቦታው ነጥብ ነጥብ እናደርጋለን። ረቂቁ ሲመለስ በእጃችን እንሞላለን። የሕክምናና የፍርድ ቤት ወረቀት ግን ጨርሶ ለማሽን አይሰጥም፣ እታለም ትጽፈዋለች። መብራትና ኔትወርክ ሲጠፋም ሥራችን የማይቆመው ያለ ማሽኑ የሚጽፍ ሰው ስላለን ነው።

አሁንም ያልፈታሁት ጥያቄ የተለማማጆች ነው። ድሮ አዲስ ልጅ ሲገባ ከቀላል ማመልከቻ ይጀምር ነበር። እየተሳሳተ፣ እየታረመ ይማራል። ያ ቀላል ሥራ አሁን የማሽኑ ሆኗል። ማሽኑ ባስረከበው ረቂቅ ላይ ስህተት የሚያገኘው ደግሞ በቀላሉ ሥራ ያለፈ ሰው ነው። ልጆቹ የት ይለፉ? ለጊዜው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር ያለ ኤአይ እንዲሠሩ አድርገናል። ሥራው ይጓተታል፣ ወጪም አለው። ወጪውን እኔ ችዬዋለሁ፣ ምክንያቱም እታለም ከሦስት ዓመት በኋላ 60 ይሞላታል፣ ጡረታ ትወጣለች። ያኔ ማን ይፈርማል?

ቃል የገባሁት ዓመት ባለፈው ታኅሣሥ ሞላ። ደብተሩን አብረን ከፈትነው። ማንም አልወጣም። ለሚቀጥለው ዓመትም እንደዚያው ተስማማን።

እታለም በራሷ ተነሳሽነት አንድ የጀመረችው ነገር አለ። ማሽኑ የተሳሳተውን ሁሉ በደብተር ትጽፋለች፣ ከነቀኑ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ አድርጋ። "ሰዓት" አንድ ገጽ አለው፣ "አንቱታ" አንድ ገጽ፣ "አዋጅ" ሁለት ገጽ። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ናት። አዲሷ ተለማማጅ ሰኞ ትጀምራለች። መጀመሪያ የምታነበው እሱን ነው።